የሰፈራችን ክፍት ቦታ፦ ካፌ፣ አጥር ወይስ የኳስ ሜዳ?

ጥያቄ፦ «ከሐዋሳ ወደ ቱላ በሚወስደው አቅጣጫ በማኅበር ተደራጅተን ቤት የሠራን 300 ያህል አባወራዎች ነን። በሳይት ፕላናችን መካከል “ክፍት ቦታ” ተብሎ የተተወ 70 በ60 ሜትር የሆነ መሬት አለ። ግማሹ የአሸዋና የጠጠር መከመሪያ ሆኗል፤ በቀረው ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጥጉ ላይ ገበሬዎቹ የተዉት አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። ክረምት ሲገባ ዝቅ ያለው ወገን ኩሬ ይሆናል። አዛውንቶቹ በብሎኬት ታጥሮ ዛፍ ይተከልበት ይላሉ፤ ወጣቶቹ ሙሉውን የእግር ኳስ ሜዳ እናድርገው ይላሉ። አንድ ባለሀብት ደግሞ ካፌና የልጆች መጫወቻ ልሥራበት ብሎ ለክፍለ ከተማው አመልክቷል፤ እኛም አስተያየት እንድንሰጥ ተጠይቀናል። “ሐይቅ እያለን መናፈሻ ምን ያደርግልናል? ተሸንሽኖ ይሸጥና መንገዳችን ኮብልስቶን ይነጠፍበት” የሚሉ አባላትም አሉ። ምን ብለን እንመልስ?» (የሰፈሩ ልማት ኮሚቴ ጸሐፊ)

ምላሽ፦ ይሸጥ ከሚለው ልጀምርና ቶሎ ልዝጋው። ቦታው የእናንተ አይደለም፤ ስለዚህ ልትሸጡት አትችሉም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ለማኅበራችሁ የተሰጠው ደግሞ የየአባሉ ቤት የቆመበት ቁራሽ መሬት ነው። ያ 70 በ60 በማንም አባል ካርታ ውስጥ አይገኝም። ገዢ ቢመጣ እንኳ የምታስተላልፉለት ወረቀት የላችሁም፤ ገንዘቡን የተቀበለው ኮሚቴ ግን ነገ በየስሙ ይጠየቅበታል። የኮብልስቶኑን ገንዘብ በሌላ መንገድ ፈልጉ።

ሌላው ስሕተት የመጣው «ክፍት» ከሚለው ቃል ነው። በፕላን ቋንቋ ክፍት ማለት ገና ሥራ ያልተሰጠው ማለት አይደለም። ትምህርት ቤት ተብሎ እንደተመደበ መሬት ሁሉ ይህም ሥራ ተሰጥቶታል፤ ሥራው ሳይገነባበት መቆየት ነው። ለዚህ ግራ መጋባት እኛ ፕላን ሠሪዎችም ተጠያቂ ነን። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት መጀመሪያ የቤቱን መሬት እንሸነሽን ነበር፤ ከዚያ የተረፈውን፣ ሁለት መንገድ የተገናኘበትን ሹል ጥግ፣ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ያለፈበትን ቅድ፣ የቦይ አፋፉን አረንጓዴ ቀለም እንቀባለን። በመቶኛ ሲሰላ ይሞላል፤ በእግሩ ሄዶ የሚቀመጥበት ሰው ግን የለም። እንዲህ ያለውን እያየ የኖረ ሰው ክፍት ቦታ ማለት ትራፊ ነው ቢል አልፈርድበትም። የእናንተው ግን ከሰፈሩ እምብርት ላይ የተቆረጠ ደልዳላ አራት ማዕዘን ነው። የሣለው ሰው አስቦበታል።

አስተያየታችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሚያውቀው ሁለት ፕላን ነው፤ አንዱ መላው ከተማ ለ10 ዓመት የሚመራበት መዋቅራዊ ፕላን ነው፣ ሁለተኛው ከዚያ ሥር የየአካባቢውን ዝርዝር የሚያወጣው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። በእጃችሁ ያለው የማኅበሩ ሳይት ፕላን ከእነዚህ በታች የሚቆም ወረቀት ነው። ስለዚህ ወደ ከተማው ፕላን ክፍል ሂዱና ቦታው በሁለቱ ላይ በምን ቀለም እንደተመለከተ በዓይናችሁ እዩ። ሁለቱም ክፍት ወይም አረንጓዴ ካሉት የባለሀብቱ ማመልከቻ የፕላን ለውጥ የሚጠይቅ ነው፤ ተራ የመሬት ጥያቄ አድርጎ ማስተናገድ አይቻልም፤ ይህንንም በደብዳቤያችሁ በግልጽ መጻፍ ትችላላችሁ። አንዱ ቅይጥ አገልግሎት፣ ማለትም መኖሪያና ንግድ የተቀላቀለበት፣ ካለው ግን ክርክራችሁ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ያኔ መጀመሪያ የምትጠይቁት ፕላኑ እንዲስተካከል ነው።

«ሐይቅ እያለን» ለሚሉት። ሐይቁ ዳር ያሉትን ፍቅር ሐይቅንና አሞራ ገደልን የሚንቅ የሐዋሳ ሰው ገና አላየሁም፤ እኔም ከሚወዷቸው ነኝ። ነገር ግን ከእናንተ ሰፈር ባጃጅ ይዞ ሐይቅ ዳር መውረድ ዕቅድ የሚጠይቅ ጉዞ ነው። የሰው መዝናናት በየዕለት፣ በየሳምንትና በየዓመት የተከፈለ ነው። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ የጉዱማሌ አደባባይ አለ፤ ለእሑድ ከሰዓት ሐይቁ አለ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት የተመለሰች የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጉልበቷን የሚያማት አያት፣ ከፈረቃ የወጣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ የሚፈልጉት ግን በነጠላ ጫማ የሚደረስበትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ከቤት 300 ሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ ማለትም በአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር አረንጓዴ ቦታ ይኑር ይላል። የእናንተ 4,200 ካሬ ሜትር ነው፤ ከግማሽ ሄክታር ጥቂት ያንሳል። አንድ ሜትር የሚለቀቅበት ትርፍ የላችሁም ማለት ነው። በአንድ ቤት አራት ወይም አምስት ሰው ብንቆጥር ለአንድ ነዋሪ የሚደርሰው ሦስት ካሬ ሜትር ገደማ፣ የአንድ ሰፊ አልጋ ስፋት ነው።

እግረ መንገዴን፣ በስብሰባችሁ ላይ «ሕጉ 30 በመቶ አረንጓዴ ይላል» የሚል ሰው መነሣቱ አይቀርም። 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለው መርሕ በመላው ከተማ ደረጃ የሚሰላ ነው። በአንድ ሰፈር ላይ እንደ ዱላ ብታነሡት የክፍለ ከተማው ባለሙያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሳችኋል። ከዚያ ይልቅ የራሳችሁን ቤቶች ቁጥርና ርቀት ይዛችሁ ቅረቡ።

ካፌው ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ እምቢ በሉ። ባለሀብቱን ክፉ ሰው አድርጋችሁ ግን አትጻፉ። ሥራ ይፈጥራል፣ ግብር ይከፍላል፤ ሐሳቡ በዋናው መንገድ ዳር ባለ የንግድ ቦታ ላይ ቢሆን እኔም እደግፈው ነበር። «የልጆች መጫወቻ» የሚለው ቃል ግን እዚህ ላይ ማባበያ ነው። ካፌ አጥር ይፈልጋል፤ አጥሩ በር፣ በሩም ጠባቂ ያመጣል። ጠባቂው በባዶ እግሩ የመጣውን ልጅ ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ። መኪና ማቆሚያም አለ፤ አንድ መኪና ከመዞሪያው ጋር 25 ካሬ ሜትር ገደማ ይወስዳል፣ ለአሥር መኪና 250 ካሬ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ሊዝ ለዓመታት የሚጸና ውል ነው፤ ሐሳባችሁን በሚቀጥለው ዓመት ብትለውጡ ቦታው አይመለስም። ቡና የሚጠጣበት ካላችሁ ዋንዛው ሥር ጀበናና ረከቦት ዘርግታ የምትሸጥ አንዲት እናት ትበቃለች፤ በዓመት በሚታደስ ስምምነት፣ ዙሪያዋን እንድትጠርግ ተነግሯት።

አዛውንቶቹ የሚፈሩት ነገር እውነተኛ ነው፤ አሸዋ የጫነ መኪና፣ ቆሻሻ፣ ማታ የሚሰበሰብ ሥራ ፈት። መድኃኒቱ ግን የብሎኬት ግንብ አይደለም። ዙሪያው 260 ሜትር ነው፤ ያን ያህል ግንብ ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ይበላና ውስጡ ባዶ ይቀራል። ቁልፉስ በማን እጅ ይሆናል? ቁልፍ ያዡ ለቅሶ የሄደ ዕለት ልጆቹ በግንቡ ላይ ይዘላሉ፤ ከግንቡ ጀርባ የሚሆነውን ደግሞ ከቤቱ ደጃፍ የተቀመጠ ሰው አያይም። ሥራ ፈቱ የሚወደው ይህንኑ ነው። እኔ የምመክረው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ልክ፣ ማለትም ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ፣ ነው፤ መኪና ያቆማል፣ ለሰው መቀመጫ ይሆናል፣ ከማዶ ያለውን ዓይን አይጋርድም። በአንድ ጊዜ ካልተቻለ መኪና በሚገባባቸው ሁለት ሦስት ቦታዎች ትልልቅ ድንጋይ በመትከል ጀምሩ።

ወደ ወጣቶቹ ስመጣ ቁጥሩ ራሱ ይፈርዳል። ዓለም አቀፍ ውድድር የሚደረግበት ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፤ ለመረጃ ያህል፣ እናንተ ጋ አይገባም። 70 በ60ውን ጠቅልላችሁ ብትይዙት የምታገኙት ከሙሉ ሜዳ ያነሰ፣ ለሌላ ለማንም ያልተረፈ፣ ኳሱ በየቤቱ መስኮት የሚያርፍ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በቪየና ከተማ የተደረገ ጥናት ልጃገረዶች ዘጠኝ ዓመት ሲያልፋቸው ከመናፈሻ እንደሚጠፉ አሳይቷል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት መናፈሻዎችን ስታድስ ሜዳውን ከፋፍላ፣ መግቢያውን አስፍታ፣ ሌላም ጨዋታ ጨመረች፤ ልጃገረዶቹ ተመለሱ። ቪየና ሩቅ ነው ካላችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የራሳችሁ ሜዳ ዳር ቆማችሁ የሴት ልጆችን ቁጥር ያዙ።

ስለዚህ ከሙሉ ሜዳ ይልቅ 40 በ20 ሜትር የሆነች ትንሽ ሜዳ ይበቃቸዋል። በየጎኗ ሦስት ሦስት ሜትር ሲጨመር 46 በ26 ትሆናለች፤ 1,200 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ግቦቹን በሰሜንና በደቡብ አቁሟቸው፤ አለበለዚያ ከ11 ሰዓት በኋላ አንዱ በረኛ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋው ይጫወታል። አጠገቧ የመረብ ኳስ ሜዳ ከነዳርቻው 24 በ15 ሜትር፣ ማለትም 360 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ከልኩ ሁለት ሜትር ገባ ብሎ ቦታውን የሚዞር ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የእግር መንገድ ብትሠሩ አንድ ዙሩ 240 ሜትር ያህል ነው፤ አራት ዙር የሄደ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሞላ ማለት ነው። ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው ይህ መንገድ ከሁሉ በላይ ይጠቅማል፤ ቦታው ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ለጥላ፣ ለሕፃናትና ለመቀመጫ ከ1,700 ካሬ ሜትር በላይ ይተርፋል።

ሜዳዋን ሲሚንቶ አታልብሷት። ምክንያቴን ከቢሮ የተላከ ንድፍ አይነግራችሁም፤ በሰፈራችሁ ለቅሶ ይኖራል፣ ሠርግ ይኖራል፣ ድንኳኑም የሚተከለው እዚያው ነው። ሲሚንቶ ላይ ካስማ አይገባም። በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ከላዩ ቀጭን አፈር ለብሶ ሁለቱንም ይችላል።

ኩሬውን በአፈር ለመድፈን የቸኮለ ሰው ካለ አስቁሙት። ውሃው አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤት በር ይዞራል። 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ኃይለኛ ዝናብ በዚህ ቦታ ላይ ብቻ 126 ሺህ ሊትር ውሃ ያወርዳል፤ ከ600 በርሜል በላይ ነው። የሐዋሳ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀላልና አሸዋማ ስለሆነ ባብዛኛው ውሃ ይጠጣል። የእናንተው ጥግ ኩሬ የሆነበት አንዱ ምክንያት ለዓመታት አሸዋና ጠጠር ያራገፉ መኪናዎች ረግጠው ስላጠበቁት ይመስለኛል። ይህን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ማታ ውሃ ሙሉበት፤ ጠዋት ከጎደለ አፈሩ ይሠራል። ያኔ ዝቅተኛውን ወገን ቆፍራችሁ አፈሩን አለስልሱት፤ 300 ካሬ ሜትር ስፋት፣ መሐሉ ላይ ከ40 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ጥልቀት፣ ልጅ ሮጦ የሚወጣው ለስላሳ ዳገት ይኑረው። በክረምት ውሃ ይይዛል፣ በበጋ ሣር የለበሰ መጋደሚያ ይሆናል። ውሃው በአንድ ቀን ካልሰረገ ግን ወደ መንገዱ ቦይ የሚያወጣ ቧንቧ የግድ ነው፤ ለወባ ትንኝ ዕጭ ሳምንት የሚቆይ ውሃ ማዘጋጀት የለባችሁም። ደግሞም የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ከየሰፈሩ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል። እናንተ ጋ የሰረገ ውሃ ለሐይቁም ዕረፍት ነው።

ዛፍ ላይ የሁሉም ሰው ስሕተት አንድ ነው፤ መብዛቱ። በሐምሌ 200 ችግኝ ተተክሎ ፎቶ ይነሣበታል፣ በጥር የሚቆመው የችግኙ እንጨት ብቻ ነው። እናንተ ጋ 25 ዛፍ ይበቃል፤ በስምንት ሜትር ርቀት። ለአንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር ከሰጣችሁ በሳምንት 50 ጄሪካን ውሃ ነው፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ለሁለት በጋ። ይህን መሸከም የሚችል ሰው ስም ሳይጻፍ ጉድጓድ አይቆፈር። ዋንዛና ብርብራ ለአገሩ የለመዱ ናቸው፤ ባሕር ዛፍ አይግባ። የዋንዛ ፍሬ ስለሚያጣብቅ ከመቀመጫ በላይ እንዳይሆን፤ የብርብራ ፍሬ ደግሞ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚያገለግል መርዝ ስላለው ከሕፃናቱ ጥግ ይራቅ። የቆመውን ዋንዛ አትንኩት። ቅርንጫፉ እስከ ደረሰበት ድረስ ከሥሩ አሸዋ አይከመር፣ ድንጋይም አይነጠፍ። የሲዳማ ሽማግሌዎች ለሶንጎ፣ ለሸንጎአቸው፣ የሚቀመጡት እንዲህ ባለ ጥላ ሥር ነውና መቀመጫውን በመደዳ ሳይሆን ፊት ለፊት እንዲያያይ አድርጋችሁ አዙሩት። ከእናንተ በፊት በዚያ መሬት ላይ የነበሩት ገበሬዎች አሁንም ከብት ይዘው የሚያልፉበት ቀጭን መንገድ ካለ በልኩ ላይ በር ተዉላቸው፤ እግር የሠራውን መንገድ የዘጋ ንድፍ ሲጣስ ይኖራል።

መጸዳጃ ቤት አትሥሩ። ቋሚ ጠባቂና ውሃ በሌለበት በሦስት ወር ውስጥ ቦታውን የሚያስጠላው እሱ ነው፤ ደግሞም ሁሉም ቤቱ ቅርብ ነው።

አስተዳደሩን ለልማት ኮሚቴው አልሰጥም፤ እርስዎ ጸሐፊው እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የቤት ማኅበርና የልማት ኮሚቴ መብራትና መንገድ ሲገባ ይበተናል። የማይበተነው እድር ነው። የአባላት መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ያልመጣን የሚቀጣ ደንብ አለው፤ ድንኳኑም የእሱ ነው። ከከተማው አስተዳደር ጋር የምትፈራረሙት ውል የመንከባከብ እንጂ የይዞታ አለመሆኑን በግልጽ ጻፉ፤ አለበለዚያ ከዓመታት በኋላ «የእድሩ መሬት» የሚል አዲስ ጠብ ይወለዳል።

ይህ ቦታ የማይፈታው ነገርም አለ። የሊግ ጨዋታ የሚደረግበት ሙሉ ሜዳ ለወጣቶቹ ያስፈልጋቸዋል፤ እሱ ግን የብዙ ሰፈሮች የጋራ ጉዳይ ነው። በቅርብ ያለ ትምህርት ቤት ግቢውን ቅዳሜና እሑድ እንዲከፍት በጽሑፍ ጠይቁ፤ መዋቅራዊ ፕላኑ ሲከለስም የሜዳ ጥያቄያችሁን ከአጎራባች ሰፈሮች ጋር አንድ ላይ አቅርቡ። ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ደብዳቤ አትቀላቅሉ።

ለክፍለ ከተማው የምትጽፉት ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ቦታው በየትኛው ፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደተመለከተ፣ ስንት ቤት እንደሚጠቀምበት፣ ለካፌ መሰጠቱን እንደማትደግፉ፣ በእድሩ በኩል ልትንከባከቡት ዝግጁ መሆናችሁን ጻፉ። በመጨረሻም የአራቱም ማዕዘን ኮኦርዲኔት ተለክቶ በካዳስተር፣ ማለትም በከተማው የመሬት ይዞታ መዝገብ፣ ላይ በሕዝብ መገልገያነት እንዲመዘገብ ጠይቁ፤ የዋንዛውም ቦታ በንድፉ ላይ ምልክት ይደረግበት። አሸዋውን ግን መልስ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ የከመሩት ሰዎች በ15 ቀን እንዲያነሡ በእድሩ ስብሰባ ላይ በየስማቸው ይነገራቸው።